መልስ፦ ልጄ ከግቢው ልጆች ጋር እንዲጫወት ምን ላድርግ?

ወደ ልጆቹ መሀል አታስገቢው፤ አንድ ልጅ ብቻ ወደ እሱ አምጪለት። አራት ኪሎ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ኳስ የሚያሯሩጡ ልጆች ጫጫታ፣ ኦቲዝም ላለበት የ4 ዓመት ልጅ ይከብዳል።

ቆርኪ መደርደር ይወዳል ብለሻል። ጨዋታው እሱ ይሁን። ረጋ ያለች የጎረቤት ልጅ ጥሪና ቆርኪዎቹን ለሁለት አካፍያቸው። አንድ እሱ፣ አንድ እሷ ይደርድሩ። «ያንተ ተራ» በይውና ዝም በይ። ለማሰብ ጊዜ ይፈልጋል፤ ቀድመሽ አትደርድሪለት። ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳይነጋገሩ ቢጫወቱም ትልቅ ነገር ነው። ሳይሰለቸው አቁሚ፤ ለጅምሩ 10 ደቂቃ ይበቃል።

አንድ ነገር አደራ፦ «አይኗን እያት» እያልሽ አገጩን ይዘሽ አታዙሪው። እንዲህ የተገደዱ ልጆች እንግዳ ልጅ ሲመጣ ገና ከበሩ ሲሸሹ አይቻለሁ። ጆሮውን በእጁ ከደፈነ በቃኝ ማለቱ ሊሆን ስለሚችል ወደ ጸጥታ ውሰጂው።