ዘንድሮ ባታመለክቱስ? መካከለኛ ጂፒኤ ይዛችሁ ሜዲካል ስኩል ለምታስቡ

አሜሪካ ያለ ሐበሻ ቤተሰብ አንድ ልማድ አለው። ልጁ ባዮሎጂ ማጥናት ከጀመረ በቃ፣ ዶክተር ሆኗል። እናት ለጎረቤት፣ አባት ለዕድሩ፣ አክስት ደግሞ አዲስ አበባ ላለው ዘመድ ሁሉ ተናግራለች። የልጁ ትራንስክሪፕት ግን 3.2 ነው የሚለው። ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ሲ ማይነስ፣ ፊዚክስ ላይ ደብሊው፣ ማለትም አቋርጦ የወጣው። ልጁም ያን ሁሉ ሰው ላለማሳፈር ብሎ ሳይዘጋጅ ያመለክታል።

ያ ልጅ እኔ ነበርኩ። ሌሊት ፓርኪንግ እየሠራሁ፣ ቀን ክላስ ውስጥ እያንቀላፋሁ በ3.24 ተመረቅሁ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ለ22 ትምህርት ቤቶች አመለከትኩ። አንድም ኢንተርቪው አልመጣም። ገንዘቤም ሞራሌም አብረው ሄዱ። ሁለተኛ ጊዜ ያመለከትኩት ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ያኔ ገባሁ። ዛሬ ሐኪም ነኝ፤ ልጆች እየደወሉ "በዚህ ጂፒኤ ይሆናል?" ይሉኛል። እኔም መልሼ "ለምን ዘንድሮ?" እላቸዋለሁ።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ኤምዲ (የተለመደው የሐኪምነት ዲግሪ) ትምህርት ቤት የሚገቡ ተማሪዎች አማካይ ጂፒኤ ወደ 3.8፣ ኤምካታቸው፣ ማለትም የመግቢያ ፈተና ውጤታቸው፣ ወደ 512 ነው። ያስደነግጣል። ግን አማካይ ስለሆነ ከሱ በታች የገባም አለ። ከታች የገባው ሰው ታዲያ ማስረጃ ይዞ ነው የመጣው። የቅበላ ኮሚቴው "ይሄ ልጅ ያኔ ተደናቅፏል፣ አሁን ግን ይችላል" እንዲል የሚያደርግ ማስረጃ። ይህ ደግሞ በአንድ በጋ አይሰበሰብም።

ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። 120 ክሬዲት በ3.2 ጨርሳችኋል እንበል። ሌላ 30 ክሬዲት ወስዳችሁ ሁሉንም ኤ ብታመጡ ጂፒኤያችሁ 3.36 ይሆናል። አንድ ዓመት ሙሉ ተለፍቶ 0.16! ብዙ ሰው ይሄን ያሰላና ተስፋ ይቆርጣል። ግን አብዛኞቹ የኤምዲ ትምህርት ቤቶች የሚጠቀሙበት የጋራ ማመልከቻ፣ አምካስ የሚባለው፣ ውጤታችሁን በአንድ ቁጥር ጠቅልሎ አይተወውም። ከፍሬሽማን እስከ ሲኒየር ዓመት በዓመት ይዘረዝረዋል። ከምረቃ በኋላ የወሰዳችሁት ኮርስ የራሱ መስመር አለው። ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስና ሒሳብም አንድ ላይ ሆነው ከሌላው ተለይተው ይሰላሉ። የመጀመሪያው መስመር 2.7፣ የመጨረሻው 4.0 ከሆነ ያ ወረቀት ራሱ ታሪክ ይናገራል።

ስለዚህ መጀመሪያ ኮርስ። የትኛውን? ሲ ያመጣችሁበትን ሁሉ እንደገና መውሰድ አያዋጣም። አምካስ የድሮውንም የአዲሱንም ግሬድ ይቆጥራል። የዲኦ (ኦስቲዮፓቲክ የሚባለው ሌላው የሐኪምነት ዲግሪ) ትምህርት ቤቶች ማመልከቻም ድሮ የተሻለውን ብቻ ይይዝ ነበር፣ በ2017 ግን ያንን አቁሟል። ከሲ በታች የሆነውን፣ ያውም ግዴታ የሚጠየቀውን፣ ድገሙት። ከዚያ ከበድ ወዳሉት ኮርሶች ሂዱ፦ ባዮኬሚስትሪ፣ ፊዚዮሎጂ፣ ጄኔቲክስ፣ ሴል ባዮሎጂ። ስም ያለው ዩኒቨርሲቲ ፍለጋ ዕዳ ውስጥ አትግቡ። አቅራቢያችሁ ያለ የስቴት ዩኒቨርሲቲ ይበቃል። እየሠራችሁ ከሆነ ደግሞ አራት ኮርስ ይዛችሁ ቢ ከምታመጡ ሁለት ይዛችሁ ኤ አምጡ። እኔ ፓርኪንጉን ወደ ሁለት ቀን ስቀንስ ነው ጭንቅላቴ መሥራት የጀመረው። ቤት ኪራይ ለመክፈል ሦስት ሆነን አንድ አፓርትመንት ውስጥ ታጨቅን፣ ምን ይደረግ።

ልዩ የማስተርስ ፕሮግራሞችም አሉ፤ ከሜዲካል ተማሪዎች ጋር አንድ ዓይነት ኮርስ የሚያስወስዱ። ለአንዳንዱ ይጠቅማሉ። ግን በአስር ሺዎች ዶላር ያስወጣሉ፣ ግሬዳቸውም የድኅረ ምረቃ መስመር ላይ ስለሚገባ የኮሌጅ ጂፒኤያችሁን ከፍ አያደርገውም። እዚያም ቢ ማይነስ ከመጣ በሩን ራሳችሁ ዘጋችሁት ማለት ነው። የመጨረሻ ካርድ ነው፤ መጀመሪያ አይመዘዝም።

ኤምካት ከ472 እስከ 528 የሚታረም ፈተና ነው። መካከለኛ ጂፒኤ ላለው ሰው ትልቁ መካሻ ይሄ ነው። "ልሞክረውና ልየው" ብላችሁ ግን አትቀመጡ። የተመዘገበላችሁ ውጤት ሁሉ ለትምህርት ቤቶቹ ይታያል። በዕድሜ ልክ ከሰባት ጊዜ በላይም አይፈቀድም። ቤቱ አማርኛ ለሚነገርበት ልጅ ደግሞ የሚከብደው ብዙ ጊዜ ሳይንሱ አይደለም፤ ካርስ የሚባለው የንባብ ክፍል ነው። ስለ ፍልስፍና፣ ስለ ሥነ ጥበብ የተጻፈ ረጅም ምንባብ ይሰጧችሁና ጸሐፊው ምን ሊል እንደፈለገ ይጠይቋችኋል። ይሄ በሽምደዳ አይመጣም። ፈተናው ዓመት ሲቀረው ጀምራችሁ በየቀኑ ከበድ ያለ እንግሊዝኛ ጽሑፍ አንብቡ። የልምምድ ፈተና ላይ የምትፈልጉትን ቁጥር ደጋግማችሁ ሳታዩ ትክክለኛውን ቀን አትቅረቡ።

አሁን ልባችንን ወደሚያመን ጉዳይ ልምጣ። እኛ ራሳችንን ማውራት አናውቅም። ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው። አንዷን ልጅ "ምን ልምድ አለሽ?" ስላት "ምንም" አለችኝ። ቆይ ስል ከአሥራ ስድስት ዓመቷ ጀምሮ አያቷን ሐኪም ቤት እየወሰደች የምታስተረጉመው እሷ ነች። የስኳሯን መድኃኒት የምትሰጠው፣ ኢንሹራንሱ ጋ ደውላ የምትከራከረው እሷ። ቅዳሜና እሑድ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ሆና ሠርታለች፣ ሽማግሌ እያገላበጠች፣ እያጠበች። ይሄ "ምንም" ነው? ሐኪም ተከትሎ አርባ ሰዓት ቆሞ የተመለከተ ልጅ በኩራት ይጽፋል፣ የእኛ ልጅ በሺህ የሚቆጠር ሰዓት ሠርታ "ለኑሮ ብዬ ነው" ብላ ትተወዋለች። አምካስ ላይ 15 የሥራና የእንቅስቃሴ ቦታ አለ። ደሞዝ የተከፈለበትም ይገባል። ቤተሰብ መደገፍም ይገባል። ያለፋችሁበትን ችግር የምታስረዱበት ለብቻው የ1,325 ሆሄያት ቦታም አለ። ፓርኪንጉን ጻፉት።

ግን ማስረዳትና ሰበብ ማብዛት ይለያያሉ። ግላዊ መግለጫው 5,300 ሆሄያት ነው፤ ግማሹን ለሁለተኛ ዓመት ውጤት ማስተዛዘኛ አታድርጉት። ምን እንደተፈጠረ ሁለት ዐረፍተ ነገር፣ ምን እንደለወጣችሁ አንድ። ይበቃል።

ይሉኝታችን የሚጎዳን ሌላው ቦታ የድጋፍ ደብዳቤ ነው። አስተማሪ ማስቸገር ይመስለንና ቢሮው ድርሽ ሳንል ሴሚስተሩ ያልቃል። ከዚያ ስማችንን የማያውቅ ሰው ስለኛ ይጽፋል። በአዲሶቹ ኮርሶቻችሁ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ቢሮው ሂዱ። ጥያቄ ባይኖራችሁ እንኳ ፈጥራችሁ ሂዱ።

ዲኦ ስል ፊታችሁን አታጨፍግጉ። "እሱ ዶክተር ነው ወይስ ወጌሻ?" ያለችኝ የቤተ ክርስቲያን እናት አለች። ዶክተር ነው። በሁሉም ስቴት ሙሉ ፈቃድ አለው። ከ2020 ወዲህ የኤምዲውም የዲኦውም ሬዚደንሲ፣ ማለትም ከምረቃ በኋላ ያለው የሆስፒታል ሥልጠና፣ በአንድ ሥርዓት ሥር ነው። አማካይ ጂፒኤያቸው ወደ 3.6 ስለሆነ ለእናንተ የቀረበ ነው። ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ሜዲካል ስኩሎች ከመሮጣችሁ በፊት እዚህ አመልክቱ። እዚያ መግባት ቀላል ነው፤ ጨርሶ ሬዚደንሲ ማግኘት ነው ጣጣው።

የትምህርት ቤቶቹን ዝርዝር ስታወጡ ወረቀታችሁን አስቡ። ብዙዎቹ ዜጋና ግሪን ካርድ ያለውን ብቻ ነው የሚቀበሉት። የስቴት ትምህርት ቤቶችም ለነዋሪያቸው ያደላሉ፤ የቴክሳሶቹ ከመቶ ዘጠናውን ቦታ በሕግ ለነዋሪ ይይዛሉ። አገር ቤት የተማራችሁት ኮርስ፣ አሜሪካ ያለ ኮሌጅ ክሬዲት ካልሰጠበት፣ ግሬዱ አይሰላም፤ እሱን ተማምናችሁ አትቁጠሩ። ደግሞ ስትመጡ ሰሞን ኮሚኒቲ ኮሌጅ ተመዝግባችሁ ኤፍ ያገኛችሁበት ኮርስ ካለ አትደብቁት። የገባችሁበትን ኮሌጅ ሁሉ መጻፍ ግዴታ ነው። ኤፉ ይታለፋል፣ መደበቁ አይታለፍም።

ዓመቱን አዘግዩ እንጂ ወሩን አታዘግዩ። አምካስ ሜይ ላይ ይከፈታል፣ በሜይ መጨረሻ ወይም በጁን መጀመሪያ መላክ ይቻላል። ትራንስክሪፕት ማጣራቱ ብቻ ሳምንታት ይወስዳል። አብዛኞቹም ማመልከቻ እንደደረሳቸው እያዩ ነው ቦታ የሚሞሉት። እኔ ማመልከቻዬን ሴፕቴምበር ላይ ስልከው ዘግይቼ ነበር፤ የኢንተርቪውን ቦታ ሌላው ይዞታል። ገቢያችሁ ዝቅ ያለ ከሆነ ምንም ሳትከፍሉ በፊት የኤኤኤምሲን (አምካስንና ኤምካትን የሚያስተዳድረው ማኅበር) የክፍያ ድጋፍ ጠይቁ። የኤምካት ክፍያ ይቀንስላችኋል፣ የማመልከቻውንም ይሸፍናል። ከከፈላችሁ በኋላ ግን አይመልሱም። እኔ ይሄንን ያወቅሁት ለ22ቱም ከከፈልኩ በኋላ ነው።

በሁለተኛው ዙር የመጀመሪያው ኢንተርቪዬ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ ሐኪም ፋይሌን ገለጥ አድርገው "ሁለተኛ ዓመት ላይ ምን ሆነህ ነው?" አሉኝ። ሌሊት እሠራ እንደነበር፣ ሥራውን ቀንሼ ከዚያ ወዲህ የወሰድኩትን ሁሉ ኤ እንዳመጣሁ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ገጹን ገለበጡ። የቀረውን ግማሽ ሰዓት ያወራነው ስለ ፓርኪንጉ ነው።