የካውንቲ እስር ቤትና አይስ፦ ክፍት ጥያቄና መልስ

ጥያቄ የምቀበለው በአንድ ጉዳይ ብቻ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ፖሊስ፣ ሸሪፍና እስር ቤት ከኢሚግሬሽን ፖሊስ ከአይስ ጋር በሕግ እስከ ምን ድረስ ይተባበራሉ? ስትጠይቁ ስቴታችሁንና ካውንቲያችሁን ጻፉ። ሕጉ ከአንዱ ካውንቲ ወደ ቀጣዩ ስትሻገሩ ይለወጣል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ጋሼ፣ ካውንቲው ከአይስ ጋር አይተባበርም እየተባለ፣ በትንሽ ክስ የተያዘ ሰው በማግስቱ «ሆልድ አለብህ» ይባላል። አይስ በምን ያውቃል?

መልስ፦ በአሻራ ነው። እስር ቤቱ የሚያነሣው አሻራ ወደ ስቴቱ፣ ከዚያ ወደ ኤፍቢአይ ይሄዳል። ኤፍቢአይ ደግሞ አይስ ላለበት ለአገር ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ያሳልፋል። ሴኪዩር ኮሚዩኒቲስ የሚባለው ይህ አሠራር የተጀመረው በ2008 ነው። በ2014 ስሙ ተለወጠ፣ በ2017 የድሮ ስሙ ተመለሰለት፤ የአሻራው ልውውጥ ግን በመሐል አልቆመም። ልውውጡ በሁለት የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች መካከል ስለሆነ ከንቲባም ሆነ የካውንቲ ምክር ቤት ሊያስቆመው አይችልም።

አይስ ሰውየውን ከፈለገው ለእስር ቤቱ ቅጽ አይ-247ኤ ይልካል። እኛ ሆልድ የምንለው ይህን ነው። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝረው።

ወረቀቱ እስር ቤቱን ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ከመልቀቅህ በፊት ንገረኝ፣ መልቀቂያው ሰዓት ከደረሰ በኋላም እስከ 48 ሰዓት አቆይልኝ። ጥያቄ ነው እንጂ ትእዛዝ አይደለም፤ የሦስተኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2014 ይህንኑ ወስኗል። በዚያው ዓመት የኦሪገን ፌዴራል ፍርድ ቤት፣ የክላካማስ ካውንቲ በዚህ ወረቀት ብቻ አንዲት ሴት አቆይቶ ስለነበር፣ ማቆየቱ እንደ አዲስ እስር ይቆጠራል፣ ያለ በቂ ምክንያት ከሆነም አራተኛውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ይጥሳል ብሎ ካውንቲውን ተጠያቂ አድርጓል። ብዙ ካውንቲዎች ሆልድ መቀበል ያቆሙት ክስ ፈርተው ነው።

ከ2017 ወዲህ አይስ ከሆልዱ ጋር አይ-200 ወይም አይ-205 የሚባል ማዘዣ ያያይዛል። በላዩ «ማዘዣ» የሚል ስላለ ሰው ዳኛ የፈረመው ይመስለዋል። የሚፈርመው የአይስ ሹም ነው። ስለዚህ ወረቀት ስታዩ መጀመሪያ ከላይ የፍርድ ቤት ስም መኖሩን፣ ከዚያ ከታች የፈረመው ዳኛ መሆኑን ተመልከቱ።

48ቱ ሰዓት ሰውየው ከተያዘበት አይቆጠርም። የሚጀምረው ሌላ ምንም የሚያስረው ነገር ባልቀረበት ደቂቃ ነው፦ ቦንድ (የዋስትና ገንዘብ) ሲከፈል፣ ክሱ ሲሰረዝ ወይም ቅጣቱ ሲያልቅ። ሦስት ሳምንት ታስሮ ቦንድ ካልተከፈለለት ሰዓቱ ገና አልጀመረም። ሌላው፣ ቅጹ ራሱ ቅጂው ለታሳሪው ካልተሰጠ እንደማይጸና ይናገራል። ታሳሪው ቅጂ እንደ ደረሰው ጠይቁት፤ መቼ እንደ ደረሰውም ጻፉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ቦንድ ከመክፈላችሁ በፊት ሆልድ መኖሩን እስር ቤቱን ጠይቁ። የካውንቲ ቦንድ ከአይስ አያስፈታም። ከፍላችሁ ሰውየው ለአይስ ከተላለፈ፣ የወንጀል ክሱ ቀጠሮ ላይ ሳይቀርብ ይቀራል፣ መያዣ ይወጣበታል፣ ገንዘባችሁም ሊወረስ ይችላል። የኢሚግሬሽን ቦንድ ራሱን የቻለ ሌላ ነገር ነው።

ከዳላስ፦ እኛስ ጋ? ፖሊስ በትራፊክ አስቁሞ ስለ ወረቀት መጠየቅ ይችላል?

መልስ፦ ይችላል። በ2017 የወጣው ኤስቢ 4 የሚባለው የቴክሳስ ሕግ፣ ፖሊስ በሕጋዊ መንገድ የቆመን ወይም የተያዘን ሰው እንዳይጠይቅ አለቃው ሊከለክለው አይችልም ይላል። የወንጀል ተጎጂንና ምስክርን ግን ለምርመራው ካላስፈለገ በቀር መጠየቅ አይፈቀድም። ቴክሳስ ውስጥ እስር ቤቱ ሆልዱን ማክበር ግዴታው ነው። ሕጉን የጣሰ መሥሪያ ቤት በመጀመሪያው ከ1,000 እስከ 1,500 ዶላር፣ ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ጥሰት ከ25,000 እስከ 25,500 ዶላር ይቀጣል፤ ሸሪፉም ከሥልጣን ሊነሣ ይችላል። ለሲልቨር ስፕሪንግ የመለስኩትን ወደ ዳላስ አትውሰዱት።

ከሂውስተን፦ ኤስቢ 4ን ፍርድ ቤት አግዶት የለም እንዴ?

ከዳላስ፦ አልታገደም። ይሄው እየሠሩበት ነው።

ከሂውስተን፦ ድንበር ያቋረጠን ሰው የስቴቱ ፖሊስ ይሰር የሚለው ማለቴ ነው፤ ታግዷል ሲባል ሰምቻለሁ።

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ሕጎች ናቸው፤ ቁጥራቸው ተገጣጥሞ ነው። እርስዎ የሚሉት በ2023 የወጣውን ነው። የ2017ቱን የአምስተኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2018 አብዛኛውን አጽንቶታል። ስለ ኤስቢ 4 ስትጽፉ ዓመቱን ጨምሩ።

ስም ያልጻፈ፦ ፖሊስ ቢይዘኝ ምን ይሆናል?

መልስ፦ የትኛው ስቴት? የትኛው ካውንቲ? ግሪን ካርድ ወይስ አሳይለም? በምን ክስ? እነዚህን ይዘው ይመለሱ።

ከአትላንታ፦ 287(ጂ) ሲባል እንሰማለን፤ ምንድነው?

መልስ፦ በ1996 በኢሚግሬሽን ሕጉ ላይ የተጨመረ አንቀጽ ነው። አይስ ከሸሪፍ ወይም ከፖሊስ ጋር ውል ገብቶ የራሱን ሥልጣን ያካፍላል። ሁሉም ውል ግን አንድ አይደለም። በእስር ቤቱ ውል የሠለጠነው ዘብ ታሳሪውን ስለ ወረቀቱ ይጠይቃል፣ የኢሚግሬሽን ክስም ያዘጋጃል። በ2019 የመጣው የማዘዣ አድራሽ ውል ጠባብ ነው፤ ዘቡ የአይስን ማዘዣ ለታሳሪው ከማድረስና በእሱ ከመያዝ አያልፍም። ሦስተኛው በመንገድ ላይ የሚሠራው ነው፤ በ2012 ቆሞ በ2025 ተመልሷል። የካውንቲያችሁን ውል ዓይነት አይስ ራሱ በድረ ገጹ ከሚያወጣው ዝርዝር ፈልጉ።

ጆርጂያ ውስጥ ግዊኔትና ኮብ በ2021 ውላቸውን አቋርጠው ነበር። በ2024 የወጣው ኤችቢ 1105 የሚባለው የስቴቱ ሕግ ግን ሸሪፎች እንዲህ ያለ ውል እንዲጠይቁና የታሳሪን የኢሚግሬሽን ሁኔታ እንዲያጣሩ ያስገድዳል። የቆየ መረጃ ይዛችሁ አትመኩ። ቦንዱንም አትርሱ፤ መጀመሪያ ሆልዱን ጠይቁ።

ከኦሮራ፦ ኮሎራዶ ሳንክቿሪ ነው አይደል? አይስ እዚህ ሰው መያዝ አይችልም ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። አይስ በሃምሳውም ስቴት ሰው መያዝ ይችላል። ሳንክቿሪ የሚባለው፣ ከአይስ ጋር መተባበርን የሚገድበው ሕግ የሚመለከተው የአካባቢውን ሠራተኛ ብቻ ነው። መሠረቱ የ1997ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ነው፤ ጉዳዩ የጦር መሣሪያ ገዢዎችን ሸሪፎች ያጣሩ የሚል ሕግ ነበር፣ ፍርድ ቤቱም ፌዴራል መንግሥት የስቴት ባለሥልጣንን የራሱን ሥራ አያሠራውም አለ። በኮሎራዶ የ2019ኙ ሕግ በሆልድ ብቻ ሰው ማቆየትን ይከለክላል። ሆኖም አያቆይም ማለት ለአይስ አይነግርም ማለት አይደለም። የአይስ ሰዎች የሚፈታበትን ሰዓት ከሰሙ በር ላይ ሊጠብቁት ይችላሉ።

ከዲሲ፦ የኛም እንዲሁ ነው?

መልስ፦ ዲሲም በ2020 እንዲህ ያለ ሕግ አውጥታለች፤ ግን ስቴት አይደለችም። ኮንግረስ የዲሲን ሕግ መሻር ስለሚችል ያ የ1997ቱ ጋሻ አይጠብቃትም።

ከሲያትል፦ እኔ ግን አልገባኝም። ወንጀል የሠራ ቢባረር ማኅበረሰባችን ምን ይጎዳል?

ከኦሮራ፦ የተደበደበች ሚስት 911 መደወል ስትፈራ ነዋ የምንጎዳው!

ከሲያትል፦ እሱ ሌላ ነው። እኔ የምለው ስለ ወንጀለኛ ነው።

መልስ፦ «ወንጀል የሠራ» የሚለው ቃል ላይ ልግባ፤ ሕጉ እንደዚያ አይልም። በጥር 2025 የጸናው የላከን ራይሊ ሕግ ያለ ፍተሻ ወይም ያለ ሕጋዊ ሰነድ የገባ ሰው ከሱቅ ሰረቀ ተብሎ ከተያዘ ወይም ከተከሰሰ አይስ እንዲያስረው ያዛል። ጥፋተኛ መባል አያስፈልግም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ክስ ሲመጣ «ቀላል ነው» ብላችሁ ብቻችሁን አትግቡ። የወንጀል ጠበቃ ጥፋተኝነትን ማመን በኢሚግሬሽን ምን እንደሚያስከትል መምከር ግዴታው መሆኑን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 ወስኗል። መንግሥት ያቆመላችሁን ጠበቃም ይህንኑ ጠይቁት። ክርክሩን እዚህ ላይ ተዉት።

ከሚኒያፖሊስ፦ ቲፒኤስስ (ጊዜያዊ የጥበቃ ፈቃዱ)?

መልስ፦ የዛሬው ርዕስ አይደለም። የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያነጋግሩ።

ከአሌክሳንድሪያ፦ ከተማችን ሳንክቿሪ ከሆነች አይስ አይገባም አይደል?

መልስ፦ ለኦሮራ የጻፍኩትን ያንብቡ፤ ሁለተኛ አልደግመውም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ጋሼ፣ ሰውየው ለአይስ ከተላለፈ በኋላ በድረ ገጹ ስሙ አይገኝም። ለምን?

መልስ፦ ይህ የእኛ ሰው ዋና ችግር ነው። የአይስ መፈለጊያ ገጽ ሁለት መንገድ አለው፦ ኤ-ቁጥር (ኢሚግሬሽን ለሰውየው የሰጠው የመዝገብ ቁጥር) እና የትውልድ አገር፣ ወይም ስምና የትውልድ አገር። በስም ከሆነ ፊደሉ ልክ እንደ መዝገቡ መግጠም አለበት። «ፀሐይ» በላቲን ፊደል በስንት ዓይነት እንደሚጻፍ ታውቃላችሁ። በመጨረሻው ስም ቦታ የአባቱንም የአያቱንም ሞክሩ። የትውልድ አገር የሚለው ዜግነትን አይደለም፤ ካርቱም የተወለደ ኢትዮጵያዊ ሱዳን ሥር ይገኛል። አስመራ የተወለደ ከሆነ ኤርትራንም ኢትዮጵያንም ሞክሩ። ኤ-ቁጥሩ ዘጠኝ አኃዝ መሆን አለበት፤ ስምንት ከሆነ ከፊቱ ዜሮ ጨምሩ። ግሪን ካርዱ ወይም የሥራ ፈቃዱ ላይ አለ፤ ፎቶውን አሁኑኑ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ።

ሲገኝ ያለበትን እስር ቤት ለወንጀል ጠበቃው በጽሑፍ አሳውቁ፤ ቀጠሮው ላይ ያልቀረበው ታስሮ ስለሆነ መሆኑን ጠበቃው ለዳኛው እንዲያስረዳ።