ከ"ምን አለ?" በፊት "ምን እያደረገ ነው?" በሉ

ልጆቼ፣ ስለ ንባብ ልጽፍላችሁ ነው። "አንብቡ፣ ንባብ ጥሩ ነው" የሚለውን ምክር ከበቂ በላይ ሰምታችኋል፤ እኔ አልደግመውም። ዛሬ የማወራው ለሚያነቡት ነው። ቁጭ ብለው፣ ገጽ በገጽ ገልጠው፣ ግማሽ ቀን አንብበው ሲነሱ፣ "ምን አለ?" ሲባሉ ግን "እ... ስለ ባሕር ዛፍ ነው" ብለው ለሚያቆሙት።

ጠበቃ ነበርኩ። ጥብቅናውን ከተውኩ ቆየሁ። ዕድሜዬን የጨረስኩት በማንበብ ነው ብል ማጋነን አይሆንም፤ ክስ፣ ውል፣ ፍርድ፣ ነጋሪት ጋዜጣ። አሁን ቆዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፣ ከተማው አልቆ እርሻው የሚጀምርበት አካባቢ። የብሎካችን ልጆች አንዳንዴ የትምህርት ወረቀታቸውን ይዘው ብቅ ይላሉ። ወረቀቱ ከላይ እስከ ታች በቢጫ ሃይላይተር ተቀብቷል። ሁሉም ነገር አስፈላጊ መስሏቸዋል ማለት ነው። ሰነፎች እንዳይመስሏችሁ። ገና ሳይነጋ አውቶቡስ ተሰልፈው አራት ኪሎ ድረስ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሄደው የሚያነቡ ናቸው። ጉዳቸው አንድ ነው፦ ዓረፍተ ነገር እየለቀሙ ያነባሉ እንጂ ዓረፍተ ነገሮቹ ለምን በዚያ ቅደም ተከተል እንደተቀመጡ አይጠይቁም።

ባሕር ዛፍን ካነሳሁ በእሱው ላሳያችሁ። እውነታዎቹ እነዚህ ናቸው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች። ሰው እየበዛ ሲሄድ የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት እያለቀ መጣ። ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ግንባታ እስከ ማስጀመር ደረሱ። በ1880ዎቹ የገባው ባሕር ዛፍ ደግሞ (አገሩ አውስትራሊያ ነው) ቶሎ አደገ፣ ቢቆርጡትም ከጉቶው መልሶ አቆጠቆጠ፣ በከተማዋ ዙሪያ ተስፋፋ። ከተማዋ እዚሁ ቀረች። አዲስ ዓለም ላይ ለቤተ መንግሥት የተጀመረው ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ዛፉ ዛሬ ውሃ ይመጥጣል፣ ከሥሩ ሌላ ተክል አያሳድግም እየተባለ ይወቀሳል።

ይህንኑ ለተለያዩ ጸሐፊዎች ስጧቸው። የመጀመሪያው ከ1879 ተነስቶ ዓመት እየቆጠረ ይወርዳል። ይህ ታሪክ ነጋሪ ነው፣ ከእሱ የምትፈልጉት "ከዚያስ?" የሚለውን ነው። ሁለተኛው "ከተማዋ እንጨት አልቆባት ልትፈርስ ነበር" ብሎ ይጀምራል። ችግር አስቀመጠ፣ ስለዚህ መፍትሔ እንደሚመጣ ከወዲሁ ታውቃላችሁ፤ መፍትሔው ከመጣ በኋላ ደግሞ "ሠራ ወይስ አልሠራም?" የሚለውን ትጠብቃላችሁ። ሦስተኛው ከዛሬው ከደረቀ ምንጭ ይነሳና "ለምን?" እያለ ወደኋላ ይሄዳል። ምክንያትና ውጤት ነው። አራተኛው ባሕር ዛፍንና የአገሩን ጽድ ጎን ለጎን አቁሞ በእድገት፣ በውሃ፣ በዋጋ፣ በእንጨት ጥራት ያነጻጽራል።

አሁን ልብ በሉ። አዲስ ዓለም በአራቱም ጽሑፎች ውስጥ ልትገባ ትችላለች። ታሪክ ነጋሪው ያነሳት ጊዜዋ ስለደረሰ ነው። ሁለተኛው ያነሳት የችግሩን ክብደት ለማሳየት ነው፤ እንጨት ማጣት ንጉሥን ከመናገሻው ሊያስነሳ ደርሶ ነበር ለማለት። ሦስተኛው ዛፉ ለምን በዚያ ፍጥነት እንደተስፋፋ ለማስረዳት ይጠቅሳት ይሆናል። አራተኛው ጭራሽ ሊተዋት ይችላል፣ ለንጽጽሩ ብዙም አትረባውም። እውነታዋ አንድ፣ ሥራዋ ግን የተለያየ። አዲስ ዓለምን በቢጫ የቀባ ተማሪ ስሟን ይይዛል። ለምን እዚያ ቦታ እንደተቀመጠች የጠየቀ ተማሪ ጽሑፉን ይይዛል።

ስለዚህ በየአንቀጹ መጨረሻ ላይ ትንሽ ቆም በሉና "ይህ አንቀጽ ምን እያደረገ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። "ምን አለ" አላልኩም። ምን እያደረገ ነው። ምሳሌ እየሰጠ ነው? ከላይ ላለው ምክንያት እየደረደረ ነው? የሌላ ሰው ሐሳብ እያቀረበ ነው? ለዚያ ሐሳብ መልስ እየሰጠ ነው? ወይስ አንድን ነገር ከፋፍሎ እየዘረዘረ ነው? በእርሳስ ጠርዙ ላይ አንድ ቃል ጻፉ፦ ምሳሌ፣ ምክንያት፣ ተቃውሞ፣ መልስ። ሰባት አንቀጽ ቢሆን ሰባት ቃል ነው። እነዚህን ብቻ ከላይ ወደ ታች ስታነቧቸው የጽሑፉ አጥንት ይታያችኋል።

የፍርድ ቤት ፍርድ ይህን በደንብ ያስተምራል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት (የሥር ፍርድ ቤቶችን መሠረታዊ የሕግ ስህተት የሚያርመው) የሚሰጠው የሕግ ትርጉም ከ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 454 ወዲህ የሥር ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል፤ ስለዚህ ጠበቃ ሁሉ የሰበርን ውሳኔ ያሳድዳል። ውሳኔው ብዙ ጊዜ የሚሄድበት መንገድ የታወቀ ነው። መጀመሪያ ከሳሽ ምን እንዳለ ይተርካል። ተከሳሽ ምን እንደመለሰ። የሥር ፍርድ ቤቶች ምን እንደወሰኑ። አመልካቹ ምን ስህተት ተፈጸመብኝ እንዳለ። ከዚያ ጭብጥ፣ ማለትም ችሎቱ መልስ የሚሰጥበት ጥያቄ፣ ይያዛል። "እኛም መርምረናል" የሚል ነገር ሲመጣ ነው ችሎቱ በራሱ አንደበት መናገር የሚጀምረው። እና አንድ ጊዜ አንድ ጀማሪ ጠበቃ፣ ጎበዝ ልጅ ነው፣ አማርኛው የሚያስቀና፣ "ሰበር እንዲህ ብሏል" ብሎ ግማሽ ገጽ የሚሆን ጥቅስ ይዞልኝ መጣ። የጠቀሰው የተሸናፊውን ወገን ክርክር ነበር! ቃላቱን በሙሉ ተረድቷል። ማን እየተናገረ እንደሆነ ግን አላየም። ከአብላጫው ፍርድ ቀጥሎ የሚመጣውን የልዩነት ሐሳብም (በውሳኔው ያልተስማማው ዳኛ የሚጽፈውን) እንደ ውሳኔ የሚጠቅሱ አሉ።

ይህ የጠበቃ ብቻ ችግር አይደለም፤ የፈተና ምንባብ ላይ ሰው በብዛት የሚወድቅበት ጉድጓድ ይኸው ነው። "አንዳንዶች ... ይላሉ"፣ "እርግጥ ነው"፣ "... መሆኑ አይካድም" የሚሉ ነገሮችን ስታዩ ነቃ በሉ። ጸሐፊው የራሱ ያልሆነውን ሐሳብ ወይም በከፊል የሚቀበለውን ነገር አስቀድሞ እየሰጣችሁ ነው፤ ሊታጠፍ ነው። መታጠፊያው ብዙውን ጊዜ "ይሁን እንጂ"፣ "ሆኖም"፣ "ነገር ግን" ይሆናል፤ በእንግሊዝኛው "ሃውኤቨር" እና "በት"። የራሱ አቋም ያለው ከመታጠፊያው ወዲያ ነው። ጥያቄ አውጪዎች ይህን ያውቃሉ። ከመታጠፊያው በፊት ያለውን ሐሳብ አሳምረው "የጸሐፊው አቋም" ብለው ምርጫ ሀ ላይ ያስቀምጡላችኋል። የቸኮለ ልጅ እሱን ያከብባል።

አማርኛ ደግሞ የራሱ ባህሪ አለው። ግሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ረጅም ዓረፍተ ነገር ውስጥ "ስለሆነ"፣ "ቢሆንም"፣ "ከመሆኑም በላይ" እየተባለ አምስት መስመር ይኬድና ዋናው ነገር ከአራት ነጥቧ አጠገብ ይገኛል። እንደዚህ ያለ ዓረፍተ ነገር ሲያጋጥማችሁ ዘላችሁ መጨረሻውን እዩና ተመለሱ። ነውር የለውም። የአዋጅ መግቢያ ሁሉ እንዲሁ ነው፦ "... በመሆኑ፣ ... አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ" እያለ ምክንያቱን ደርድሮ "የሚከተለው ታውጇል" ላይ ያርፋል። ችግሩ መግቢያው ላይ ነው ያለው፣ መፍትሔው ከሥሩ ያሉት አንቀጾች ናቸው። መግቢያውን ዘሎ አንቀጽ 1 የሚል ሰው ሕጉ የምን መድኃኒት እንደሆነ ሳያውቅ ይውጠዋል።

ዜና በተቃራኒው ነው፤ ዋናውን ከላይ ያስቀምጥና እየቀነሰ ይሄዳል፣ ስለዚህ ግማሹን ብትተዉ ብዙ አይጎድልባችሁም። ርእሰ አንቀጽን ግን ግማሽ ላይ ከተዋችሁት ተቃራኒውን ይዛችሁ ልትሄዱ ትችላላችሁ። የባዮሎጂ መጽሐፍ "በሦስት ይከፈላል" ካለ ሦስቱን ፈልጉ፣ ሌላ ጣጣ የለውም።

ሕጉን ካነሳሁ አይቀር፣ ኮንዶሚኒየም የምትከራዩ ወይ ልትከራዩ ያሰባችሁ ስላላችሁ አንድ ነገር ልበል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ 3367 አንቀጾች አሉት። ማንም ተቀምጦ አይጨርሰውም፣ እኔም አልመክርም። የተሠራው ግን ከጠቅላላው ወደ ልዩው ነው። ስለ ውል በጠቅላላው የሚናገረው ከቁጥር 1675 ይጀምራል፤ ስለ ቤት ኪራይ ለብቻው የሚናገረው ርቆ 2945 ላይ ይመጣል። ስለ ኪራይ ለማወቅ 2945ን ብቻ የገለጠ ሰው ለውል ሁሉ የሚሠራውን ደንብ ሳያይ ይቀራል። ብዙ የመማሪያ መጽሐፍም እንዲህ ነው፤ ምዕራፍ አንድ ላይ የተተረጎመ ቃል ምዕራፍ ስድስት ላይ ሳይተረጎም ይመጣል፣ እና ልጁ "መጽሐፉ ከባድ ነው" ይላል። ማውጫውን አንብቡ እባካችሁ። ማውጫ ማለት ጸሐፊው ሐሳቡን እንዴት እንደደረደረ በራሱ እጅ የጻፈው ወረቀት ነው፣ እናንተ ግን የገጽ ቁጥር መፈለጊያ ብቻ አድርጋችሁታል።

ማስታወሻ አያያዛችሁም ጽሑፉን ይምሰል። ንጽጽር ከሆነ ገጹን ለሁለት ክፈሉት። ምክንያትና ውጤት ከሆነ ቀስት አድርጉ። ቅደም ተከተል ከሆነ አንድ መስመር አስምሩና ዓመቶቹን ደርድሩበት። ሁሉንም ነገር በነጥብ በነጥብ የሚገለብጥ ልጅ በጣም ነው የሚያናድደኝ፤ መምህራኖቹም ጥፋት አለባቸው፣ ነጥብ በነጥብ ያስገለብጡታል።

ግን ቃላቱን በጭፍን አትመኑ። "ስለዚህ" ስለተባለ ብቻ ምክንያት ተገኘ ማለት አይደለም። ቴሌግራም ላይ የሚለጠፈውን አይታችሁታል፦ "እንዲህ ሆነ፣ ከዚያ እንዲህ ሆነ፣ ስለዚህ...". ሁለቱ ነገሮች ተከታትለው መጡ እንጂ አንዱ ሌላውን ስለማምጣቱ የቀረበ ነገር የለም። የጊዜ ቅደም ተከተልን ምክንያት አስመስሎ ማቅረብ የድሮ ብልሃት ነው፣ ችሎት ላይም ብዙ ሰምቼዋለሁ። አደረጃጀቱን ያወቀ አንባቢ ጸሐፊው ሲያጭበረብርም ይይዘዋል። አንዳንዱ ጸሐፊ ደግሞ ጭራሽ አደረጃጀት የለውም፤ የመጣለትን ይጽፋል። እንዲህ ያለው ሲገጥማችሁ ጥፋቱን ራሳችሁ ላይ አታድርጉ። ብትችሉ እናንተ አስተካክላችሁ ጻፉት፣ ካልሆነም ተዉት።

"ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል፣ ፈተናው እየደረሰ ነው" ትሉኛላችሁ። የ2014ቱ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲመጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ መሆናቸው ተነገረ፣ አገር ደነገጠ። ሰበቡ ንባብ ብቻ ነው አልልም፤ ብዙ ነገር አለበት። ነገር ግን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ለሚማር ልጅ የፊዚክሱም የታሪኩም ጥያቄ መጀመሪያ ምንባብ ነው። መጀመሪያ ላይ ያዘገያችኋል፣ ልክ ናችሁ። ቆይቶ ግን ቀጥሎ የሚመጣውን መገመት ትጀምራላችሁ፣ መገመት የጀመረ ሰው ደግሞ አንድ አንቀጽ ሦስቴ አያነብም።

ፈተና ላይ ምንባቡን ከመጀመራችሁ በፊት ርእሱን፣ የመጀመሪያውን አንቀጽ፣ የየአንቀጹን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገርና መጨረሻውን እዩ። ችግር አስቀምጧል? እያነጻጸረ ነው? እየተከራከረ ነው? ይህን ከያዛችሁ በኋላ ጥያቄዎቹን አንብቡና ወደ ምንባቡ ተመለሱ።

ቤት ስትለማመዱ ደግሞ የጋዜጣ ርእሰ አንቀጽ አንሱ፤ አጭር ነው፣ ሁልጊዜም የሚከራከረው ነገር አለው። ሁለት ተከታታይ አንቀጾችን ምረጡና ቦታቸውን አለዋውጣችሁ አንብቧቸው። ምንም ካልተበላሸ ጸሐፊው እየዘረዘረ ነበር። ከተበላሸ ግን የት ላይ እንደተበላሸ ጣታችሁን አኑሩበት፤ ሁለቱን ያያያዛቸው ነገር እዚያ ነው ያለው።