ባለቤቴን «እማዬ»፣ እኔን «ጋሼ»

ጥያቄ፦ የጅቡቲ መስመር የተሳቢ ሹፌር ነኝ። ከስምንት ወር በፊት እኔና ባለቤቴ ማሳደጊያ ውስጥ የነበረ የ6 ዓመት ልጅ በጉዲፈቻ ወሰድን። ባለቤቴን «እማዬ» ይላታል፤ እኔን «ጋሼ»። ብስኩትና መጫወቻ ይዤለት እመጣለሁ፤ ተቀብሎኝ እሷ ኋላ ይወሸቃል። ስወጣ እንዳይረበሽ ብዬ ሌሊት 10 ሰዓት ሳልቀሰቅሰው ነው የምሄደው። እናቴ «የሰው ልጅ ያው የሰው ነው» ትለኛለች። እውነት ደሜ ስላልሆነ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የደም ጉዳይ ቢሆን ባለቤትህንም እማዬ አይላትም ነበር። እሷም አልወለደችውም እኮ! እሷ ግን ማታም ጠዋትም እዚያው ናት።

ማሳደጊያ ያደገ ልጅ ብዙ ሞግዚት ስትመጣና ስትሄድ አይቷል። አንተም ትመጣለህ፤ ከዚያ አንድ ቀን ሲነቃ የለህም። እንደምትመለስ አንተ ታውቃለህ። እሱ በምን ይወቅ?

ብሪታንያውያኑ ተመራማሪዎች ጆን ቦልቢና ጄምስ ሮበርትሰን ከወላጆቻቸው ተለይተው ሆስፒታልና ማሳደጊያ የቆዩ ሕፃናትን ተከታትለው ነበር። ልጆቹ መጀመሪያ ያለቅሳሉ፣ ቀጥሎ ተስፋ ይቆርጣሉ፣ በመጨረሻ ምንም ያልመሰላቸው ይመስላሉ። ወላጅ ሲመለስም ፊታቸውን ያዞራሉ። ልጅህ የሚወሸቀው ስለጠላህ አይመስለኝም። እንዳይጎዳ እየተጠነቀቀ ነው።

ስለዚህ ከእንግዲህ ቀስቅሰው። አዎ፣ በ10 ሰዓት! ያልቅስ፤ ተሰናብቶህ ማልቀሱ ነቅቶ ከሚያጣህ ይሻላል። ጉዞህ አምስት ቀን ከሆነ አምስት ባቄላ በስኒ ስጠው። በየጠዋቱ ከእናቱ ጋር አንድ ያውጣ፤ ስኒው ባዶ ሲሆን ትደርሳለህ። ወደብ ላይ ወረፋ ካቆየህ (መቼም ያቆያል) ደውልለትና አንድ ባቄላ ይጨምር። «ነገ እመጣለሁ» ብለህ እንዳትቀር ብቻ።

ቤት ስትሆን ደግሞ ስጦታውን ቀነስ አድርግ። መኪናውን አብራችሁ እጠቡ፤ የውሃውን ጎማ እሱ ይያዝ፣ ይርጠብ። ጋቢና አስቀምጠውና ጡሩምባውን ይንፋ፤ ጎረቤት ይቅር ይልሃል። «አባዬ በለኝ» ግን አትበለው። ሲመጣለት ይመጣል።

ለእናትህ በትሕትና ንገራቸው፦ ጉዲፈቻ የአፋን ኦሮሞ ቃል ነው፤ ማሳደግን እንጂ መውለድን አያነሳም። የቤተሰብ ሕጋችንም፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ልጁን እንደ ልጅህ ነው የሚቆጥረው። «የሰው ነው» የሚለውን ንግግር ልጁ በሚሰማበት እንዳያነሱት ግን ጠበቅ አድርግ።

አንድ ነገር ቀረ። ከደብዳቤህ ግርጌ ያመጣህለትን ብስኩት ከበላ በኋላ ወረቀቱን ትራሱ ሥር እንደሚያከማች፣ ጉንዳን ስለሚያመጣ ልትጥሉት እንዳሰባችሁ እንደዋዛ ጽፈሃል። ማሳደጊያ የቆዩ ልጆች ምግብ ሲደብቁ ብዙ አይቻለሁ። ባዶ ወረቀት ግን አይበላም። አንተ ያመጣኸው ስለሆነ ነው የያዘው። ጠርጋችሁ አስቀምጡለት።