ኤምአርአዩ «ባዶ ነው» አለ፤ አንጎሌ ውስጥ ዕጢ ወጥቶ ይሆን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ራስ ምታት ሲመላለስብኝ ኤምአርአይ ተነሳሁ። ውጤቱ «የፒቱታሪ ዕጢ ቦታ ባዶ ነው» ይላል። ከ4 ዓመት በፊት ስወልድ ብዙ ደም ፈሶኝ ነበር። ጡቴ ወተት አልያዘም፤ ልጄን በቆርቆሮ ወተት ነው ያሳደግኩት። የወር አበባዬም ቀረ። ሁሌ ይደክመኛል፣ ይበርደኛል። አክስቴ የራሷን የእንቅርት ክኒን ሰጥታኝ 2 ሳምንት ወሰድኩ፤ ባሰብኝ። ልጄን ሳላሳድግ ልሞት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ውጤቱ ካንሰር አይልም። ያስደነገጠዎት ቃሉ ነው። «ዕጢ» የምንለው አብጦ የሚወጣውንም፣ ሁላችንም ይዘነው የተወለድነውን ሆርሞን አመንጪም ነው። ፒቱታሪ ሁለተኛው ነው። አተር ታክላለች፤ ከአንጎል ሥር፣ ኮርቻ በሚመስል አጥንት ላይ ትቀመጣለች። ባዶ የተባለው ኮርቻው ነው። ዕጢዋ ስትሳሳ ቦታዋን የአንጎል ፈሳሽ ይሞላዋል። ብዙ ሰው ላይ በአጋጣሚ ይታያል፣ ጉዳትም የለውም።

የእርስዎ ግን እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም። በእርግዝና ጊዜ ይህች ዕጢ ትተልቃለች። በወሊድ ብዙ ደም ሲፈስ ደም ያጥራትና ትጎዳለች። ሺሃን ሲንድሮም ይባላል። ምልክቶችዎ ሁሉ ወደዚያ ያመለክታሉ። ወተቱን ያስቀረው የሰው ዓይን አይደለም።

አሁን ወደ ክኒኑ። 4 ዓመት የወር አበባ ቀርቶ ሐኪም ሳያዩ የሰው መድኃኒት ይዋጣል? ፒቱታሪ ስትጎዳ ኮርቲሶልም (ሰውነት ሕመምን እንዲቋቋም የሚረዳው ሆርሞን) ይጎድላል። እሱ ሳይተካ የእንቅርት ክኒን ከተወሰደ ሰውነት የቀረችውን ጥቂት ኮርቲሶል ቶሎ ይጨርሳታል። የባሰብዎት በዚህ ሳይሆን አይቀርም። ዛሬውኑ ያቁሙ። አክስትዎ ክፉ አላሰቡም፤ ግን ይህ ክኒን ሰው ይጥላል።

ማስመለስ፣ ሲነሱ ማዞር፣ ላብ፣ ራስን መሳት ከመጣ፣ በተለይ ከትኩሳት ወይም ከተቅማጥ ጋር፣ «ጨጓራዬ ነው»፣ «ታይፎይድ ነው» ብለው አይተኙ። ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ለሐኪሙም «ስወልድ ደም ፈሶኝ ነበር፤ ኮርቲሶል ሳያጥረኝ አይቀርም» ይበሉ። ይህን ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ ጽፈው ቦርሳዎ ውስጥ ይያዙ፤ ባለቤትዎም ይወቁት። ዓይንዎ ከደበዘዘም አይቆዩ።

ምንም ባይመጣ እንኳ ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ደምዎ ለኮርቲሶል ይመርመር። ከታይሮይድ (እንቅርት የሚወጣበት የአንገት ዕጢ) ደግሞ ቲኤስኤች (ፒቱታሪ ታይሮይድን የምታዝበት ሆርሞን) ብቻ ታይቶ «ኖርማል ነው» ተብለው እንዳይመለሱ፤ ፍሪ ቲ4 (የታይሮይዱ የራሱ ሆርሞን) ይታይልዎ። ከተረጋገጠ መጀመሪያ የኮርቲሶሉ፣ ቀጥሎ የታይሮይዱ ክኒን ይሰጥዎታል። በየቀኑ ይወሰዳል፣ በራስ ፈቃድ አይቋረጥም። ክኒናቸውን እየወሰዱ ልጆቻቸውን ያሳደጉ እናቶች አሉ።

ኤምአርአዩንና የወሊድ ካርድዎን ይዘው ይሂዱ።