ከጦርነት ምንም ያልተማረችው እናት፦ የጦርነት ተውኔት ለምትጽፉ ወጣቶች

ውድ ወጣት ጸሐፊዎች፣

ዕድሜዬን ረቂቅ ተውኔቶችን በማንበብና ለመድረክ በማዘጋጀት ስላሳለፍሁ፣ ስለ ጦርነት የምትጽፏቸው ሥራዎች በየጊዜው እጄ ይገባሉ። አብዛኞቹ የሚመሳሰሉበት አንድ ነገር አለ፤ በመጀመሪያው ገቢር ፈሪ የነበረው ወጣት በመጨረሻው ጀግና ይሆናል፣ ጨካኙ ይራራል፣ ከዚያም መድረኩ መሀል ቆሞ እንዴት እንደተለወጠ በረጅም መነባንብ ያስረዳናል። የገጸ ባሕርይ ዕድገት ማለት ይህ ብቻ ከሆነ ጦርነት የገባውን ሁሉ አስተምሮ የሚያስመርቅ ትምህርት ቤት ነው ማለት ነው፤ ይህን ደግሞ ጦርነት ያየ ሰው አይቀበለውም።

ስለዚህ አንድ ተውኔት ቀስ ብላችሁ እንድታነቡ እመክራችኋለሁ። ጀርመናዊው ጸሐፌ ተውኔት ቤርቶልት ብሬክት «እናት ኩራዥ እና ልጆቿ»ን የጻፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1939፣ ከናዚ ጀርመን ተሰዶ ስዊድን ሳለ ነው። ታሪኩን ግን ያስቀመጠው በዘመኑ ሳይሆን ከ1618 እስከ 1648 አውሮፓን ባመሰው የሠላሳ ዓመት ጦርነት ውስጥ ነው። በእኛም ዘንድ ጸጋዬ ገብረ መድኅን «እናት ዓለም ጠኑ» ብሎ ለአማርኛ መድረክ አዛምዶታል። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ፣ እናት ኩራዥ የምትባለው አና ፊርሊንግ፣ በጋሪ ሸቀጥ ጭና ሠራዊቱን እየተከተለች የምትነግድ፣ የሦስት ልጆች እናት ናት። በ12 ትዕይንቶች ውስጥ ሦስቱንም ታጣለች፤ ንግዷን ግን አትተውም።

ሁለተኛ ልጇ የክፍለ ጦሩን የገንዘብ ሣጥን ደብቀሃል ተብሎ ሲያዝ የነፍሱ ዋጋ 200 ጊልደር (የዘመኑ ገንዘብ) ይባላል። ጋሪዋን አስይዛ ገንዘቡን ማግኘት ትችላለች፤ ነገር ግን ገንዘቡ ሁሉ ከወጣ እሷና ድዳዋ ልጇ ካትሪን በምን ይኖራሉ? 120 እሰጣለሁ ትላለች፤ እንድትደራደርላት የላከቻት ሴት ትሄዳለች፣ እምቢ አሉ ብላ ትመለሳለች። በመጨረሻ 200ውን ልክፈል ስትል ከሩቅ የከበሮ ድምፅ ይሰማል፤ ልጇ ተረሽኗል። ሬሳውን አምጥተው ታውቂው እንደሆነ ሲጠይቋት አላውቀውም ብላ ራሷን ትወዘውዛለች። እዚህ ቦታ ላይ ስለ እናት ፍቅር አንዲት የሐዘን ንግግር ብትጨመር ትዕይንቱ ይሞታል። ሴትዮዋ ማን እንደሆነች የነገረን ክርክሩ ራሱ ነው፣ በ80 ጊልደር ልዩነት ላይ የዋለችው ሴት።

በስድስተኛው ትዕይንት ካትሪን ሸቀጥ ልታመጣ ተልካ ፊቷ ቆስሎ ስትመለስ እናቲቱ ጦርነትን ትረግማለች። ልክ በሚቀጥለው ትዕይንት ግን ገበያዋ ደርቷልና ጦርነትን የሚያጥላላ ሰው መስማት አትፈልግም። ብዙዎቻችሁ ያንን እርግማን የለውጡ ጫፍ አድርጋችሁ ተውኔቱን እዚያው ትዘጉት ነበር። ብሬክት የእርግማኑን ዕድሜ አንድ ትዕይንት ብቻ አደረገው፤ እኔ በበኩሌ ከዚህ የበለጠ ስለ ሰው እውነቱን የተናገረ አቀማመጥ አላነበብሁም።

የተውኔቱን ዘዴዎችም ሰውን ከማሳየት ሥራቸው ለይታችሁ አትዩአቸው። ንግሩ፣ ማለትም የሚመጣውን አስቀድሞ ማመላከቱ፣ ገና በመጀመሪያው ትዕይንት አለ፤ እናቲቱ የጥቁር መስቀል ምልክት ያለበት ዕጣ ታስወጣለች፣ ለሦስቱም ልጆቿ ሞት ይደርሳቸዋል። በየትዕይንቱ መግቢያ የሚቀርበው ጽሑፍም የሚሆነውን አስቀድሞ ይነግረናልና «ምን ይመጣ ይሆን?» ማለታችንን ትተን «እንዴት እዚህ ደረሰች?» ወደሚለው እንዞራለን። ምፀቱ ደግሞ በትልቁ ልጅ በአይሊፍ ላይ ይውላል፤ በጦርነቱ ጊዜ ገበሬዎችን ገድሎ ከብት ሲዘርፍ አዛዡ ያሞግሰዋል፣ ለጥቂት ጊዜ ሰላም ወርዶ ያንኑ ሲደግመው ይገደላል። እናቱ የእሱን መሞት ሳታውቅ ተውኔቱ ያልቃል፤ እኛ ግን እናውቃለን፣ እሷም አንድ ቀን አገኘዋለሁ እያለች ጋሪዋን ስትጎትት እናያለን። ስለ ጋሪው ብዙ አልልም፣ በመጀመሪያ ማን እንደሚጎትተው በመጨረሻም ማን እንደቀረ ራሳችሁ ቁጠሩ።

ታዲያ በዚህ ተውኔት ውስጥ የሚያድግ ሰው የለም ወይ? አለ፤ አንዲት ቃል የማትናገረው ካትሪን ናት። በሦስተኛው ትዕይንት የአንዲት የወታደር ወዳጅ ቀይ ጫማ ተጫምታ እንደዚያች ሴት ለመራመድ ስትሞክር እናያታለን፤ መወደድ፣ መታየት ትፈልጋለች። በአምስተኛው ከፈረሰ ቤት ውስጥ ሕፃን ታወጣለች። ፊቷ ከቆሰለ በኋላ እናቷ ያንኑ ቀይ ጫማ ስትሰጣት ትታው ጋሪው ውስጥ ትገባለች። በአሥራ አንደኛው ትዕይንት፣ በ1636 ጥር፣ ወታደሮች ተኝታ ያለችውን የሃለ ከተማ ሊወርሩ ሲደርሱ ገበሬዎቹ ተንበርክከው ይጸልያሉ። ካትሪን ከተማው ውስጥ ሕፃናት እንዳሉ ትሰማለች፣ ከበሮ ይዛ ጣሪያ ላይ ትወጣለች፣ መሰላሉንም ወደ ላይ ትስበዋለች። ጋሪያችሁን እንሰባብረዋለን ቢሏትም መምታቷን አታቆምም፤ ተኩሰው ይገድሏታል፣ ከተማው ግን ነቅቷል። እናቷ በዚያ ሰዓት ለንግድ ሄዳለች። ጫማው፣ ሕፃኑና ከበሮው በቅደም ተከተል ባይቀመጡ ኖሮ ይህ ጀግንነት ከሰማይ የወረደ ይመስለን ነበር።

ተውኔቱ በ1941 ዙሪክ ላይ መጀመሪያ ሲታይ ብዙዎች እናቲቱን ሁሉን ታግሣ የምታልፍ አሳዛኝ እናት አድርገው ወሰዷት፤ ብሬክት አልወደደውም። ለ1949ኙ የበርሊን ዝግጅት ጽሑፉን ሲያርም ቀድሞ ለቁስለኞች መጠቅለያ በገዛ እጇ የምትሰጠውን ሸሚዝ በግድ እንዲነጥቋት አደረገ። ተዋናይቷ ሄለነ ቫይግል ደግሞ ያችን እናት ስትጫወት ለካትሪን መቀበሪያ ለገበሬዎቹ የምትከፍለውን ገንዘብ ቆጥራ አንዷን ሳንቲም ወደ ቦርሳዋ መለሰቻት። ተመልካቹ ከዚያም በኋላ ማልቀሱን አልተወም፤ እኔም ብሬክት በዚህ ያን ያህል መቆጨት አልነበረበትም እላለሁ።

እንግዲህ ረቂቃችሁን ከመላካችሁ በፊት የመጨረሻውን መነባንብ አውጥታችሁ አንብቡት። ያለ እሱ የባለታሪኩ መለወጥ ወይም አለመለወጥ የሚታይበት ድርጊት በየትኛው ገጽ እንዳለ በኅዳጉ ላይ አመልክቱልኝ፤ እኔም ንባቤን ከዚያ ገጽ እጀምራለሁ።