ታሪካችሁን ከመሸጣችሁ በፊት የገበያውን ወሬ አንብቡ

ይድረስ በደብረ ብርሃን፣ በመሐል ሜዳ፣ በደብረ ሲናና በሸዋ ሮቢት ሆናችሁ ድራማና ዘጋቢ ፊልም ለመሥራት ለምትለፉ ልጆቼ። ለጤናችሁ እንደምን ሰነበታችሁ?

እንደምታውቁት፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት ለቴሌቪዥን ጣቢያ የውጭ ፕሮግራም በመግዛት ነው። ጡረታ ወጥቼ ደብረ ብርሃን ከገባሁ ወዲህ ብዙዎቻችሁ «ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ» እያላችሁ ስክሪፕት ታመጡልኛላችሁ። ጽሑፋችሁ ከዓመት ዓመት እየበሰለ ነው፤ በጣም ደስ ይለኛል። አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። የትኛው ተዋናይ ከማን ጋር እንደተጋባ፣ ማን ምን ለብሶ ቀይ ምንጣፍ ላይ እንደታየ አንድም አያመልጣችሁም። ማን ለማን እንደሸጠ፣ ለስንት ዓመት እንደሸጠ፣ የትኛው ድርጅት መግዛት እንዳቆመ ግን አትከታተሉም።

ይህን ብቻ የሚከታተሉ የዜና ድርጅቶች አሉ። የሚጽፉት ለተመልካች ሳይሆን ለገዥ፣ ለሻጭና ለፕሮዲውሰር ነው። አንዱ ቫራይቲ ነው፤ ኒው ዮርክ ውስጥ የተመሠረተው በ1905 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ያኔ ቴሌቪዥን የሚባል ነገር አልነበረም፤ የሚዘግበው የመድረክ ትርኢት ነበር። ዴድላይንን ኒኪ ፊንክ የተባለች ጋዜጠኛ በ2006 ጀመረችው። መቀመጫው ለንደን የሆነው ሲ21 ሚዲያ ደግሞ ዋና ሥራው የዓለም አቀፉን የቴሌቪዥንና የስትሪሚንግ (በኢንተርኔት የሚታይ ፕሮግራም) ንግድ መዘገብ ነው። እኔ ጠዋት ቢሮ ስገባ መጀመሪያ የማየው እንዲህ ያሉትን ነበር።

ከመንዝ በግ እየነዳ የሚመጣ ገበሬ የአዲስ አበባን የበዓል ዋጋ ካልሰማ ዋጋውን የሚነግረው ደላላው ነው። የእናንተም ነገር ከዚህ አይለይም።

በጥር 2024 አማዞን ፕራይም ቪዲዮ የተባለው የስትሪሚንግ ድርጅት በአፍሪካ አዳዲስ ሥራዎችን ማሠራት እንደሚያቆም ተሰማ። ያን ዜና ያነበበ ወደ ሌላ በር ይሄዳል። ያላነበበው ለተዘጋ ቢሮ ፕሮፖዛል ሲያሳምር ይከርማል። በ1963 የተጀመረው ሚፕ ቲቪ የተባለው ትልቅ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ገበያም እንዲሁ ነው። የመጨረሻውን ጉባኤ በ2024 በፈረንሳይዋ ከተማ ካን ላይ አድርጎ ተዘጋ፤ ተተኪው በ2025 በየካቲት ወር ለንደን ላይ ተከፈተ። ገዥዎቹ የሚሰበሰቡበት ከተማም ወሩም ተቀየረ ማለት ነው። በ2016 ቃና የቱርክ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ይዞ ሲመጣ ብዙ ሰው ድንገተኛ ነገር መሰለው። እኛ ግዢ ላይ የነበርን ግን የቱርክ ድራማ ከአገር አገር እየተሸጠ መምጣቱን ስናነብ ቆይተን ነበር።

እንዴት እንደሚነበብ ልንገራችሁ። አንድ ዜና «8×45 ድራማ ለእገሌ ጣቢያ ተሸጠ» ካለ ስምንት ክፍል ነው፤ እያንዳንዱ 45 ደቂቃ። ቀጥላችሁ ሻጩን ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ፊልሙን የሠራው ሰው አይደለም፤ የማከፋፈል መብቱን የያዘ ድርጅት ነው። ከዚያ መብቱ ለየትኛው አገር እንደሆነ እዩ። ለቴሌቪዥን ብቻ ነው ወይስ ለስትሪሚንግም? በመጨረሻ ሥራውን ለጣቢያው ያዘዘውን ሰው ስምና ኃላፊነት ጻፉ፤ ነገ ደብዳቤ የምትጽፉት ለእሱ ነው። ዋጋው ብዙውን ጊዜ አይጻፍም። «ከ100 በላይ አገሮች ተሸጠ» የሚል አርዕስት ስታዩ ልባችሁ አይሙቅ፤ በስንት እንደተሸጠ አልነገራችሁም። እነዚህ ድርጅቶች ከሚኖሩባቸው ነገሮች አንዱ የሻጮች ማስታወቂያ ነው፤ ብዙው ዜናም ከሻጩ መግለጫ ነው የሚነሳው። ስለዚህ ዜናው ዝም ያለውንም አንብቡ።

ቁጥር የሚገኝበትም ጊዜ አለ። ኔትፍሊክስ በታኅሣሥ 2023 ከ18,000 በላይ የሚሆኑ ሥራዎች ስንት ሰዓት እንደታዩ ይፋ አደረገ። ከእይታው 30 በመቶ የሚሆነው እንግሊዝኛ ያልሆኑ ሥራዎች ነበሩ። በአማርኛ ስለምትጽፉ ብቻ በሩ ዝግ ነው የሚላችሁን አትስሙት።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ሁዋንግ ዶንግ ሂዩክ የተባለው የኮሪያ ዳይሬክተር ስኩዊድ ጌም የተባለውን ተከታታይ ድራማ ጽፎ አሥር ዓመት ያህል የሚቀበለው አጣ። ኔትፍሊክስ ሠራለት፤ በ2021 ዓለምን አዳረሰ። ያኔ ለጋዜጠኛ እንደተናገረው የተከፈለው በመጀመሪያው ውል መሠረት ብቻ ነው፤ ጉርሻ የለም። መብቱ የኔትፍሊክስ ነውና።

ይሄ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስላችሁ። አንዲት የደብረ ሲና ልጅ አጭር ድራማዋን ልትሸጥ ውል ይዛ መጣች። ሁለት ገጽ ነው። አራተኛው አንቀጽ «በመላው ዓለም፣ ለዘላለም፣ አሁን ባለውም ሆነ ወደፊት በሚፈጠር ማናቸውም የማሰራጫ ዘዴ» ይላል። ክፍያው የካሜራ ኪራይዋን እንኳ አይሸፍንም። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ይሉ የለ እናቶቻችን? ደግነቱ አልፈረመችም። አብረን ቁጭ አልን። «ለዘላለም» የሚለውን ሰርዘን አምስት ዓመት አልን። «መላው ዓለም» የሚለውን ኢትዮጵያ አልን። ታሪኩን እንደገና መሥራት፣ ወደ ሌላ ቋንቋ መመለስና መጽሐፍ ማድረግ የእሷ ይሁን ብለን ጨመርን። ገዥው መጀመሪያ ተቆጣ፤ ስልክም ዘጋ። በኋላ ተስማማ። ድፍረት የሰጣት የእኔ ሽበት አይደለም። ሌላው አገር መብት በዓመትና በአገር ተከፋፍሎ እንደሚሸጥ ከዜናዎቹ እያነበበች ስለነበር ነው።

የእኛም ሕግ ይረዳችኋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅ መብት አዋጅ ቁጥር 410 የደራሲን መብት ዕድሜውን በሙሉ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይጠብቃል። በአንድ ፊርማ አሳልፋችሁ የምትሰጡት ይህን ያህል ዘመን ነው።

የመሐል ሜዳ ልጆች፣ ለእናንተ ለብቻ የምለው አለ። ጓሳ ላይ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ሊቀርጽ ለሚመጣ እንግዳ መንገድ መምራት ጥሩ ሥራ ነው። ግን ሕዝቡ ሳሩ መቼ እንደሚታጨድ በጋራ እየወሰነ ያን ሜዳ ለዘመናት እንዴት ጠብቆ እንዳኖረ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። የተፈጥሮ ዘጋቢ ፊልም የራሱ ገዥና የራሱ ገበያ አለው። እንግዳው ዕቃውን ከመጫኑ በፊት ፊልሙን ያዘዘው ማን እንደሆነ ጠይቁት፤ ስማችሁም በፊልሙ መጨረሻ እንዲጻፍ ተዋዋሉ።

ሙሉው ሐተታ ብዙ ጊዜ በክፍያ ነው። አርዕስቱንና የመጀመሪያውን አንቀጽ ግን በስልካችሁ ማየት ትችላላችሁ፤ በኢሜይል በነጻ የሚላክም አለ። እንግሊዝኛው አይከብድም። እነዚያው ጥቂት ቃላት ናቸው የሚመላለሱት።

ሚፕኮም የሚባለው ሌላው የቴሌቪዥን ፕሮግራም ገበያ ካን ላይ የሚከፈተው በእኛ ጥቅምት መጀመሪያ ግድም ነው። ዜናው ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ ይበዛል። ደብተር ግዙና ሻጭ፣ ገዥ፣ አገር፣ የክፍል ብዛት እያላችሁ መዝግቡ። ኅዳር ላይ ይዛችሁት ኑና ከስክሪፕቶቻችሁ ጋር አብረን እናየዋለን።